ነነዌ ዘንድሮ መቼ ይገባል?

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለመሪጌታ ወልደየስ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ጆሮዎስ? እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ። አባቷ ከሞተ በኋላ ልጄን ፋናን እንደ ዓይንዎ ብሌን ጠብቀው ያሳደጉልኝን እርስዎን አምላክ ዕድሜ ጨምሮ ያቆይልኝ።

ስልክ ለጆሮዎ እንደማይመች ስለማውቅ ይኸው እንደ ልማዳችን በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ በውድነህ ሱቅ ቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። የእጅ ጽሑፌ ቢያስቀይምዎ እኔን አይቆጡ፤ በኩርኩም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ትልቁ ወሬ ይህ ነው፤ የፋና ወረቀት አለቀ። ከእንግዲህ የሚቀረው አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀርባ መጠየቅ ብቻ ነው። ቀኑ ሲቆረጥ ከደብረ ብርሃን ይዘዋት መውረድ የእርስዎ ፋንታ ነው ጋሼ። ስሄድ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ዘጠኝ ሞላት። ልጄ እንዴት እንደምትራመድ አላውቅም።

ሥራም ቀይሬአለሁ። ዴንቨር ውስጥ ዓይናቸው የደከመ አንድ የአይሁድ መምህር እንከባከባለሁ፤ ረቢ ሌነርድ ይባላሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ነገር ግን ለምኩራባቸው ሰዎች በየበዓሉ አጭር ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በስልኬ እቀዳለሁ። መስከረም 23 አዲስ ዓመታቸው ነበር፤ ቀንደ መለከት ሲነፉ ሰማሁ። «በዓል ማለት ቀጠሮ ነው» ብለው አስቀዱኝ። «እግዚአብሔር ቀጠሮ ይሰጣል። እሱ አይቀርም፤ የሚቀረው ሰው ነው።» ሲናገሩ እርስዎን ይመስላሉ፤ ጣታቸውን ሳይቀር እንደ እርስዎ ነው የሚያነሡት።

ፋናን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ፀዳል


ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀዳል፣

የአባቶቻችን አምላክ ከሚታየውም ከማይታየውም ጠላት ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ፋና ደህና ናት። ዳዊት ጀምራለች፤ ማታ ማታ አንዱን ቁጥር እኔ፣ ቀጣዩን እሷ እየተቀበልን እናደርሳለን። ከአንቺ ትፈጥናለች።

ሽማግሌ መጦር ጽድቅ ነው፤ በዚህ አልነቅፍሽም። ነገር ግን አንድ ነገር ገርሞኛል። መለከት የነፉት መስከረም 23 ነው ብለሻል። በባሕረ ሐሳብ የዘንድሮው በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ነው። መጥቅዕ መለከት ነው፤ ያው የእነሱው በዓል ነው። አባቶቻችን ነነዌንም፣ ዐቢይ ጾምንም፣ ፋሲካንም የሚያወጡት ከዚያ ተነሥተው ነው። ስለዚህ የአንቺ ረቢ ስድስት ቀን ቀድመውናል። ማን እንደተሳሳተ ጠይቂልኝ።

ሌላው ነገር። ሴንቴኒያል ያለችው የእናትሽ የአክስት ልጅ አረጋሽ ለውድነህ ደውላ ነበር። ያለችውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። «ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ ፀዳል ነጠላ ተከናንባ የአይሁዶቹ ምኩራብ ስትገባ አየኋት። እሑድ ቸርች ካየኋት ደግሞ ቆይቻለሁ። መሪጌታ ይወቁት ብዬ ነው።» እኔ ወሬ አልወድም። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ መላ ብጨምርበትም አልጣፈጠኝም።

ቅዳሜ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? እሑድስ የት ነሽ?

ስለ ኤምባሲው የጻፍሽውን አይቻለሁ።

አጎትሽ መሪጌታ ወልደየስ


አውሮራ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ቅዝቃዜው ጉልበትዎ ላይ እንዳይበረታ እሰጋለሁ። እዚህም በረዶ ጀምሯል።

ስለ አረጋሽ ልመልስልዎ። ረቢ ሌነርድ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት። ወንበሩን የሚገፋ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚከፈለኝ ለዚያ ነው። ነጠላ የተከናነብኩት የጸሎት ቤት ስለሆነ ነው፤ ፀጉሬን ገልጬ የጸሎት ደጅ እንዳልረግጥ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። እሑድ ሺፍት አለኝ። በወር አንድ እሑድ ነፃ ስሆን አስቀድሳለሁ፤ ያን ቀን ደግሞ አረጋሽ ራሷ አትገኝም። እኔ ግን ለማንም አልደወልኩባትም።

ጥያቄዎን ለረቢው ነገርኳቸው። እንደ ልጅ ነው የፈነደቁት። «አጎትሽ በቃላቸው ነው የሚያሰሉት?» አሉኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ። «የእኛም የእናንተም ስሌት ከሰማይዋ ጨረቃ በየዘመኑ ትንሽ ትንሽ ይሸሻል። የእናንተው ቀደም ብሎ ስለተቆለፈ የበለጠ ሸሽቷል።» እንዳይቆጡ፤ የተባለውን ነው የጻፍኩት።

የዳስ በዓላቸው ሲደርስ ጓሯቸው ውስጥ ዳስ ጣልንላቸው። ጣሪያው ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ ኮከብ እንዲያሳይ ሳስቶ መሠራት አለበት። ነፋሱ ሁለት ጊዜ ነቅሎት ሁለት ጊዜ አሰርኩት። «ሰው ቤቱ ጠንካራ መሆኑን እንዳያምን በዓመት አንድ ሳምንት የሚያፈስ ቤት ውስጥ ይቀመጥ» ብለው አስቀዱኝ። እኔ ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርትመንቴ ዓመቱን ሙሉ እያፈሰሰብኝ መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። ቀኑ ተቆረጠ። ጥር 19፣ ሰኞ ጠዋት። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የሕክምና ምርመራ አላት፤ ስለዚህ ቀደም ብለው ይወርዳሉ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። «እወስዳታለሁ» ብለው ይጻፉልኝና እንቅልፍ ይውሰደኝ።

ልጅዎ ፀዳል


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀዳል፣

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። የዘገየሁት ውድነህ ሱቁን ዘግቶ ሸኖ ሄዶ ስለነበር ነው።

ስሌታችን ሸሽቷል አሉ አልሽኝ? ማን ከማን እንደሸሸ ፈጣሪ ያውቃል። አንቺም ይህን ተቀብለሽ መጻፍሽን አስተውያለሁ።

ስለ ጥር 19 አሰብኩበት። ዘንድሮ ነነዌ የሚገባው በዚያው ዕለት፣ ጥር 19 ሰኞ ነው። በነነዌ መግቢያ ልጅ ይዞ የፈረንጅ ደጅ መጥናት እንዴት ይታይሻል? አስቢበትና ጻፊልኝ።

ፋና ደህና ናት።

አጎትሽ መሪጌታ ወልደየስ


አውሮራ
ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለልደት በዓል በሰላም ያድርስዎ።

ስለ ነነዌ ያሉትን አይቻለሁ። እርስዎ ካሉ እርስዎ ያውቃሉ። ጾምም ቢሆን ግን ይውሰዱልኝ። የነነዌ ሰዎችም የዳኑት የተሰጣቸውን ቀን ስላከበሩ ነው፤ ይህን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ይህ ቀን ካለፈ ሌላ ቀን ይስጡኝ አይስጡኝ አላውቅም።

አንድ ነገር አላስተኛኝም። በየእሑዱ በውድነህ ሱቅ ስልክ የማገኛትን ፋናን ካጣኋት ሦስት እሑድ ሆነኝ። ውድነህን ስጠይቀው «መሪጌታ አልላኳትም» ይላል። ሱቁ ተዘግቶ ነበር ብለውኝ ነበር፤ እሱ ግን ስደውል ያነሣል። ምን ሆናለች? ታማለች? ወይስ እንደምትሄድ አልነገሯትም?

ረቢው የመብራት በዓላቸውን ከትናንት ወዲያ ጨረሱ። ማታ ማታ አንድ አንድ እየጨመሩ ያበራሉ። እሳቸው ስለማያዩ «ዛሬ ስንት በራ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። አንድ ማታ «ባትነግሪኝስ በምን አውቃለሁ? አምኜሽ ነው» አሉ። እኔም አሁን የልጄን ነገር የማውቀው እርስዎ በሚጽፉልኝ ብቻ ነው።

እባክዎ ጋሼ።

ልጅዎ ፀዳል


ደብረ ብርሃን
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀዳል፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ጥር 19 አለፈ። ልጅቷን አልወሰድኳትም። ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ዘንድሮ ነነዌ የገባው የካቲት 3 ነው፤ ትናንት ጨረስን። ጥር 19 ብዬ የጻፍኩልሽ እያወቅኩ ነው። አርባ ዓመት ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር ተማሪው ይዞ እንደሆነ የምለየው በዚህ ነው፤ ሆን ብዬ የተሳሳተ ቀን እሰጠዋለሁ። የያዘ ያርመኛል። ያልያዘ «እሺ የኔታ» ብሎ ይሄዳል። አንቺም «እርስዎ ካሉ እርስዎ ያውቃሉ» ብለሽ አለፍሽ።

የረቢውን የመለከት ቀን ጻፍሽልኝ። የዳሳቸውን ጻፍሽልኝ። የመብራታቸውን ጻፍሽልኝ። ጾማችን የሚገባበትን ቀን ግን ከእኔ አፍ እንደ ባዕድ ተቀበልሽ። የማን ቀን መቁጠሪያ ቤትሽ እንደተሰቀለ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ጠርጥሬ ነበር፤ እነሆ ደረስኩበት።

ልጅ የወላጅዋ ናት፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በክርስትና ያሳደግኳትን ልጅ ወዴት እንደምሰድ ሳላውቅ አልሰድም።

መሪጌታ ወልደየስ


አውሮራ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ወልደየስ፣

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ አልወጣልኝም።

ፍሪጄ ላይ የአውሮራው ቤተ ክርስቲያናችን የበዓላት ካላንደር ተለጥፏል። ነነዌ የካቲት 3 ይላል። የታኅሣሡን ደብዳቤዎን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ስሕተቱን ያየሁት። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም ጾሜ ነው ሥራ የዋልኩት። ረቢው «ምነው ድምፅሽ ደከመ?» እስኪሉኝ ድረስ።

ለምን አላረምሽኝም ይሉኛል? በዚያ ቤት እርስዎን ያረመ ሰው አይቼ አላውቅም ጋሼ። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ስንደግም «አንድ ቁጥር ዘለሉ» ብልዎ እስከ እሑድ አላናገሩኝም። ታላቅ ሲሳሳት ልጅ ጆሮውን ደፍኖ ያልፋል ብለው ያሳደጓትን ልጅ፣ ዛሬ ለምን አላረምሽኝም ብለው ከልጇ ለዩዋት።

መሪጌታ ወልደየስ ነነዌን ሳቱ ብዬ ለማን እናገራለሁ? ዕድሜ ነው ብዬ አለቀስኩልዎ። ሌላው ሐሳብ የመጣብኝ ከቀናት በኋላ ነው፤ አይስቱም፣ አውቀው ነው፣ ልጄን ሊያስቀሩ ነው የሚል። አባርሬው ነበር። አሁን ተመልሶ መጥቷል፤ አላባርረውም።

እርስዎ ፈተኑኝ። እርስዎን የሚፈትን የለም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ፤ ረቢው ባይኖሩ ኖሮ ፋናን ይልኩልኝ ነበር?

ፀዳል


አውሮራ
ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ ወልደየስ፣

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ። ሁለት ወር ዝም አሉኝ። እኔም ዝም ልል ነበር፤ ነገር ግን ሰሞነ ሕማማት ገባ፤ ቂም ይዞ መስገድ ወገብ ማድከም ነው።

ፋናን በየእሑዱ ስልክ ላይ እያገኘኋት ነው። የሚልኳት እርስዎ እንደሆኑ ነግራኛለች። ደጅ ቆመው እስክትጨርስ እንደሚጠብቋትም ነግራኛለች።

ረቢ ሌነርድም በፋሲካቸው ውስጥ ናቸው። የሆነውን ሁሉ ነግሬያቸው ነበር። ይቆጣሉ ስል «አጎትሽ ተማሪዬ ቢሆኑ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ መምህሬ ቢሆኑ ደግሞ እሸሻቸው ነበር» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አናደደኝ፤ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ «ቅጂልኝ» አሉኝ። ስለ ሁለተኛው ፋሲካ ነበር። በምድረ በዳ ሬሳ ነክተው የረከሱ ሰዎች ፋሲካ አመለጣቸው። መጥተው ሙሴን «እኛስ ስለ ምን እንቀራለን?» አሉት። ሙሴ መልስ አጣ፤ ጠይቄ ልምጣ ብሎ ሄደ። የተሰጠውም መልስ የረከሰም፣ በሩቅ መንገድ ያለም በሁለተኛው ወር ያድርግ የሚል ነው። «የቀሩት በዓላት ከላይ የታዘዙ ናቸው» አሉ ረቢው፤ «ይህ አንዱ ግን ሰው ለምኖ ያገኘው ነው። በሩቅ መንገድ የቀረውንም ለምን ራቅህ፣ ማን አዘገየህ ያለው የለም። ሌላ ቀን ብቻ ተሰጠው።» ዘኁልቁ ምዕራፍ ዘጠኝ ነው፤ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እኔም ለኤምባሲው ጽፌ ለመንኩ። ሰጡኝ። ግንቦት 6 ነው። ረቢው ቆጥረው «ሁለተኛው ፋሲካ በሁለት ቀን አለፈን» ብለው ቅር አላቸው።

ግንቦት 6 ረቡዕ ነው ጋሼ። ነገር ግን ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

ፀዳል


አዲስ አበባ
ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀዳል፣

ይህን ደብዳቤ የምታነቢው ፋና ከቦርሳዋ አውጥታ ስትሰጥሽ ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደርሳለች። አብሮን የወረደው ውድነህ ፎቶ ላንሣው ቢለኝ እምቢ አልኩት። አብሯት የሚሳፈረው እንዳልክም እንዳይነካው ነግሬዋለሁ።

አልተሳሳትሽም። ግንቦት 6 አይጾምም።

ኤምባሲው የሆነውን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው እኔው ልጻፈው። ከመስተዋት ወዲያ የተቀመጠችው ፈረንጅ ልጅቷን በአስተርጓሚ «እኚህ ሰው ምንሽ ናቸው?» አለቻት። ፋና «አባቴ» አለች። ሴትዮዋ ወረቀቱን ገለጠች፤ መልሳ ገለጠችው፤ ዓይኗ ተለወጠ። እኔም አረምኳት። «አባቷ ሞቷል። እኔ የእናቷ አጎት ነኝ» አልኩ። ፋና ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ እስክንወጣ ድረስ እጄን አልያዘችም። ፈቃዱ ግን ተሰጠ።

በየካቲት ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልስ አልጽፍም። ሁለት ወር ሙሉ እየጻፍኩ ስቀድ ነበር።

ረቢሽን አሁንም አላምናቸውም። ክፉ ናቸው አላልኩም። ሽማግሌ ሰው ሲመሽበት አጠገቡ ያለውን ልጅ ቀስ ብሎ የራሱ ያደርጋል፤ በምክር ያደርገዋል፣ በትምህርት ያደርገዋል፣ አንዳንዴም በቀን መቁጠሪያ ያደርገዋል። ይህን መጽሐፍ አልነገረኝም። ስለዚህ ተጠንቀቂ፤ ግን በደንብ ጡሪያቸው። ስለ ሁለተኛው ፋሲካ የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ ሳስተምረው ሙሴ መልስ ማጣቱን አልፌው ነው የምሄደው፤ እሳቸው ቆመውበታል።

ፋና ወተት አትወድም፤ ትወዳለች የሚሉሽን አትስሚ። ስታነብ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ አትከልክያት። ስትሳሳቺ ታርምሻለች፤ ይህን ከማን እንደተማረች አላውቅም፤ እኔ አላስተማርኳትም። ብታርምሽ ስሚያት።

ስትደርስ ብዙ አትጠይቂያት፤ ትብላ፣ ትተኛ። ስለ እኔ ከጠየቅሻት «አባባ ደህና ናቸው፤ ሲሸኙኝ አላለቀሱም» ትልሻለች። እንደዚያ በይ ብዬ ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ እንዳታምኛት።

አጎትሽ ወልደየስ